ፈሪውን ማን ያነሳዋል?

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ ላይ ተነስ፣ ብርድ ይመታሃል፤ አንቺም ልጄ ነጠላሽን ደረብ አድርጊና እዚህ መደቡ ላይ አረፍ በይ። የምነግራችሁ የአርብ ገበያዋን የካሣነሽን ነገር ነው። ብዙ አያስመሽም፤ ግን ቀስ ብሎ የሚሰማ ነው።

የካሣነሽ ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። መብራት በገባ ጊዜ በዚያ ሰፈር ቆጣሪ ያስተከለ ባሏ ጸጋዬ ብቻ ነበር። ጸጋዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እምቢ የሚል ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። አምፖሉ የበራ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሲለው፣ ደስታው ወደ እፍረት ተለወጠበት። «እኛ በብርሃን፣ እነሱ በኩራዝ፤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለና ሽቦ ገዝቶ ለስላሳ ለምትሸጠው ለጎረቤቱ ለአበራሽ ቀጠለላት። አበራሽ ያገኘችውን ዋሴ እንዴት ይጣ? ለእርሱም ቀጠለለት። ለየኔታ ደጉማ እንኳን ሊለምኑት፣ ሳያስቡት ነው የወሰደላቸው። ሽቦዎቹ ሁሉ ከካሣነሽ አልጋ ራስጌ፣ ከቆጣሪው ሥር ይነሱና በጭቃው ግድግዳ ላይ ተጋድመው ወደየቤቱ ይወጣሉ።

ካሣነሽ ባሏን አልተቃወመችም። አንድ ነገር ብቻ ከነከናት፤ ሽቦው። ካሣነሽ እንዴት ያለች ባለሙያ መሰለቻችሁ! ግድግዳዋ በእበት ተለቅልቆ፣ በነጭ አፈር ተቀብቶ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በዚያ ላይ ያ ጥቁር ሽቦ፣ መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እንደ በግ አንጀት ተዘርግቶ ማየት ዓይኗን ወጋት። ጸጋዬ ወደ እርሻ የወረደ ቀን ጭቃ በጭድ አቡክታ፣ ሽቦውን ከነመጋጠሚያው መረገችው። ማታ ጸጋዬ ገብቶ «ሽቦው የት ሄደ?» ቢላት፣ «በርዶት ነበር፣ ልብስ አለበስኩት» አለችው። ተሳሳቁ። ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ጸጋዬ ካረፈ በኋላ የዋሴ ሙክት ሞተ። ዋሴ ጸጉር ቆራጭ ነው፤ ከካሣነሽ አጥር በተጣበቀች የቆርቆሮ ክፍል ነው የሚሠራው። ለፋሲካ ያደለበውን ሙክት ከቆርቆሮው አስሮት ሲውል፣ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቶት ኖሮ፣ ሙክቱ ዘለል አለና በዚያው ቀረ። በስመ አብ ተብሎ ቢላዋ ያልነካውን ሥጋ ማን ይበላል? ጾሙን ሙሉ ሲያስበው የከረመውን ሙክት ዋሴ እያለቀሰ ጉድጓድ ከተተው።

ይህን ሲሰማ የካሣነሽ ልጅ ተስፋሁን ከባሕር ዳር መጣ። የመብራት ሙያ የተማረ ልጅ ነው። የተላጠውን ሽቦ አደሰ፣ ከዚያ ከቆጣሪው ሥር አንዲት ነጭ ሳጥን ተከለ፤ ትንሽ ምላስ የመሰለች ማንሻ አለቻት።

«እማ፣ ይሄ ሴፍቲ ይባላል» አላት። «መብራቱ ከሽቦው ሾልኮ ወደ ሰው ገላ ወይ ወደ መሬት ሊሄድ ሲል፣ እሱ ቀድሞ ይወድቃል። ሲወድቅ አትቆጭው።»

«ሲወድቅስ ምን ላድርገው?»

«ቀና ታደርጊዋለሽ። ግን አደራ፣ እንዳይወድቅ ብሎ የሚያስረው ሰው እንዳታስጠጊ። እሱ የታሰረ ቀን የሚሞተው ሙክት አይሆንም።»

ግድግዳውን ሙልጭ ብሎ ስላየው በውስጡ ምን እንደተቀበረ አልጠየቀም። እሷም ትዝ አላላትም። ጉርሻ እንኳ በቅጡ ሳይጎርስ ለመኪናው ሮጠ።

ሳጥኑ መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር የሚወድቀው። እያደር ግን ባሰበት። አበራሽ ስቶቭ ላይ ሽሮ ስትጥድ፣ ቀጭ! ዋሴ የጸጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ሲያስነሳ፣ ቀጭ! የአበራሽ ፍሪጅ ጉርምርም ሲል፣ ቀጭ! ማንም ምንም ሳይነካ ደግሞ፣ ቀጭ! ካሣነሽ ስቶቩንም ቶንዶሱንም ስትረግም ትውላለች። ስም ያወጣለት ዋሴ ነው። «ይሄ ምን ሴፍቲ ነው፤ ጥላውን አይቶ የሚወድቅ ፈሪ ነው እንጂ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ በሙሉ ፈሪው አለው።

«እትዬ ካሣ! ፈሪው ወደቀ!»

ይህን ጥሪ ካሣነሽ በእንቅልፏም ትሰማው ጀመር። ወጥ ስታማስል ጥላ ትነሳለች፤ ጸሎት ላይ ሆና አቡነ ዘበሰማያትን ከግማሹ ትቆርጣለች። አንድ ቅዳሜ የዋሴ ደንበኛ፣ ለሰርግ የሚሄድ ሚዜ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ግማሹ እንደ ጎፈሬ ቆሞ፣ በነጠላ ተሸፋፍኖ በሯ ላይ መጣ።

«እናቴ፣ ሙሽራው እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ ልጄ?»

«ፈሪውን ያንሱልኝ።»

አነሳችው። እንደ ዓመት በዓል ሳቁ። ግን ሚዜው ከወጣ በኋላ ብቻዋን ቁጭ ብላ አሰበች፤ የሰው ጸጉር ሳይቀር በእሷ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል።

ለምን ቁልፏን ለሰው አትሰጥም ትሉኝ ይሆናል። ለማን ትስጥ? ዋሴ በየቀኑ «እትዬ ካሣ፣ አንዲት የጫማ ክር ብቻ ስጭኝ። ጥፍር አድርጌ አስሬው እፎይ እንላለን» ይላታል። አንዴማ ቀዳዳው ውስጥ ስንጥር ሊሸጉጥ ሲል እጁን ይዛዋለች። ለአበራሽ ብትሰጥ አበራሽ ዋሴን ጠርታ «እሰረው» ከማለት አትመለስም። አጥፍታው እንዳትሄድ ደግሞ የየኔታ ደጉ መድኃኒት አለ። የኔታ በቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩና ሲያስተምሩ ኖረው በእርጅናቸው ስኳር ያዛቸው። የሚወጉት መድኃኒት ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል ተብሎ፣ በአበራሽ ፍሪጅ ውስጥ ከለስላሳው ጎን ተቀምጧል። ፈሪው ወድቆ ከዋለ ፍሪጁ ይሞቃል፤ ፍሪጁ ከሞቀ የኔታ ምን ይሆናሉ?

እና ካሣነሽ ከቤት መውጣት ቀረባት። ለቅሶ ቀረባት፣ ማኅበር ቀረባት። ገበያው ከጀርባዋ ነው፤ ጫጫታውን እየሰማች ጨው የሚገዛላት ሰው ትለምናለች። ካሣነሽ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አታውቅበትም። ቤት የዋለች ሴት ምን ትሠራለች? ግድግዳዋን ትለቀልቃለች። እበቷን በውኃ አላልታ፣ የተሰነጠቀውን እየደፈነች፣ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ በመዳፏ ታለሰልሳለች። ስትናደድ ትለቀልቃለች፤ ስትተክዝ ትለቀልቃለች። ሳይደርቅ ይደገማል። እንደዚያ ዘመን ያማረ ግድግዳ አርብ ገበያ አይታ አታውቅም።

በዚህ መሀል ነው ልጇ የትናየት የጸነሰችው። የትናየት ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ደሳለኝም እንዲሁ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ትምህርቱ አልተዘጋም፣ መንገዱም ለነፍሰ ጡር የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ካሣነሽ ልትሄድላት፣ አጠገቧ ሆና ወገቧን ልትይዝላት፣ ስትገላገል ገንፎዋን አገንፍታ ልታርሳት ቃል ገባች። ገብሱን ቆልታ አስፈጨች፤ ቅቤውን አንጥራ በቅል አደረገች። ሁሉን በአንድ ቋጠሮ አስራ በሩ ሥር አስቀመጠችው።

ቋጠሮው እዚያው ከረመ።

«እማ፣ መቼ ትመጫለሽ?» ትላታለች በስልክ።

«ነገ ልጄ። ካልሆነ ከነገ ወዲያ።»

«እማ እኔ እኮ ፈርቻለሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም።»

«ምን ያስፈራሻል የኔ እናት፣ እኔ እያለሁልሽ...»

«እትዬ ካሣ! ፈሪው ወደቀ!»

«ቆይኝ የትናየት፣ አንዴ—» ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ ስልኩ ተዘግቷል።

አንድ ዓርብ ጠዋት የደወለው ደሳለኝ ነው። «እትዬ፣ ምጥ ጀምሯታል። እናቴን ጥሩልኝ ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።»

ካሣነሽ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ቋጠሮዋን አዘለች፣ በሯን ቆለፈች፣ ቁልፉን ጉያዋ ሸጎጠች። ወደ ወገዳ የሚሄደው ሚኒባስ ከገበያው ዳር ተሳፋሪ እየሞላ ደረሰችበት። መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሳ። እፎይ ልትል ስትል ከገበያተኛው መሀል የአበራሽ መቀነት ታያት፤ እየሮጠች ነው፣ ዋሴም ከኋላዋ።

«አንች ካሣነሽ! ፈሪው ወደቀ! የት ልትሄጅ ነው?»

«የትናየት ምጥ ላይ ናት!»

«ውይ! ማርያም ትቅረባት! እንዲያማ ከሆነ ቁልፉን ወርውሪልን!»

ካሣነሽ ዋሴን አየችው። ከኪሱ የሲባጎ ጫፍ ወጥቶ ይታያል።

«ሲባጎው ለምንድን ነው?»

«ለ... ለምንም አይደለ እትዬ፣ ለጫማዬ ነው።»

ጫማው ኮንጎ ነው፤ ክር የለውም።

«ቁልፉን አልሰጥም።»

«እንግዲያው የየኔታን ነገር አንች ታውቂያለሽ» አለች አበራሽ፤ ክፋት አልነበራትም፣ ጨንቋት ነው። «መድኃኒቱ ፍሪጁ ውስጥ ነው። ቀኑ ደግሞ ፀሐይ ነው።»

ሹፌሩ ዞሮ አየ። «እናቴ፣ ይሄዳሉ ወይስ ይወርዳሉ? ሰው ቆሟል።»

ካሣነሽ አንድ እግሯ ወገዳ፣ አንድ እግሯ አርብ ገበያ ሆነ። ቋጠሮዋን አነሳች። ወረደች። ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ሚኒባሱ አቧራውን አልብሷት ሄደ።

ቤቷ ገባች። ፈሪውን ቀና አደረገችው፤ ቀጭ አለ። ደገመችው፤ ቀጭ። ግድግዳው ጠዋት የለቀለቀችው ነው፣ ገና ያበራል። ደጋገመችው፤ ማንሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ አንዴም አልቆመችላትም። ካሣነሽ ቋጠሮዋን እንዳዘለች መሬት ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ከደጅ የመቋሚያ ድምፅ ተሰማ።

«ካሣነሽ፣ አለሽ?»

«አለሁ የኔታ። ይግቡ።»

የኔታ ደጉ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን የድምፅ ነገር አያመልጣቸውም። «የትናየት ምጥ ይዟታል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ አንች እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፈሪውን አነሳለሁ።»

«ለማን?»

ልትሸፍነው ፈለገች፣ አልቻለችም። «ለእርስዎ። መድኃኒትዎ እንዳይሞቅ ብዬ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። ከዚያ መደቡን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። «እኔ ነኛ ያሰርኩሽ።»

«እረ የኔታ፣ እርስዎ ምን አደረጉ—»

«ቆይ፣ ልንገርሽ። የጤና ጣቢያዋ ልጅ መድኃኒቱን ስትሰጠኝ ‹አባ፣ ፍሪጅ ከሌለ ማድጋ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው ጥላ ሥር ያኑሩት፣ ይቀዘቅዛል› ብላኝ ነበር። ማድጋውን አዘጋጅቻለሁ፣ አሸዋውን ከወንዝ አስመጥቻለሁ። አበራሽ ሰማችና ‹እኔ እያለሁ የኔታ በማድጋ!› ብላ ከእጄ ነጥቃ ወሰደችው። እምቢ ብላት ትቀየመኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው በየቀኑ ደጇ ቆሜ ‹መድኃኒቴን› እላለሁ። እኔም እኮ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ነኝ ካሣነሽ፤ ከለስላሳው ጎን።»

ካሣነሽ በእንባዋ መሀል ሳቀች።

«ለእኔ ብለሽ አንች ታሰርሽ፣ ለአበራሽ ብዬ እኔ ታሰርኩ» አሉ። «ሁላችንም ያፈርነው እምቢ ለማለት ነው። አሁን ተነሽ፤ መድኃኒቴን ዛሬውኑ ማድጋዬ ውስጥ አኖረዋለሁ። ቆጣሪው ራሱ ማጥፊያ የለውም?»

«አለው።»

«አጥፊው።»

«ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል እኮ የኔታ።»

«እኔ ጨለማ አውቃለሁ» አሉ፣ በደከመ ዓይናቸው ወደ እሷ ዞረው። «ሰው አይገድልም።»

ካሣነሽ ተነሳች። እጇን ወደ ትልቁ ማጥፊያ ሰደደች። ስንት ዘመን ያነሳ እጅ ማውረድ ከበደው። ከዚያ ጎተተችው። ከእንግዲህ ፈሪው የሚወድቅበት ምክንያት አልነበረውም። በሯን ቆልፋ ስትወጣ አበራሽና ዋሴ ደጅ ላይ ደረሱ።

«ምን ሆነ? ፈሪው እስካሁን አልተነሳም እኮ!» አለች አበራሽ።

«ፈሪው አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የየኔታን መድኃኒት ስጫቸው።»

«ካሣነሽ! ለስላሳዬ ይሞቃል!»

«ሞቆም ይጠጣል።»

«እትዬ ካሣ፣ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦልኛል!» አለ ዋሴ።

«መቀስ የለህም?»

ዋሴ ራሱን አከከ። «አለኝ... የት እንዳደረግኩት ነው እንጂ።»

ሌላ ሚኒባስ አልነበረም። ገብስ የጫነ አይሱዙ አገኘች፤ ከጆንያዎቹ ላይ ወጥታ ቋጠሮዋን አቅፋ ተቀመጠች። ያ መንገድ ገደሉ፣ ጠመዝማዛው፣ ኮረኮንቹ! መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር «ማርያም ማርያም» ትላለች፤ ለራሷ ይሁን ለልጇ እግዜር ይወቀው። ወገዳ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የደሳለኝ ግቢ በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የሴቶች እልልታ፣ ከእልልታው ሥር ደግሞ ቀጭን የሕፃን ልቅሶ ሰማች። እግሯ እዚያው ቆመ። ወገቧን ያልያዘችላት ልጅ ተገላግላለች።

የትናየት ፊቷ ወዝቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። እናቷን አየቻት፤ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እማ፣ ስጠራሽ ነበር።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«ፈሪው ወድቆ ነው?»

«ወድቆ ነበር። በኋላ ግን እኔው ጣልኩት።»

ካሣነሽ ቋጠሮዋን ፈታች። ገንፎውን አገነፋች፣ ቅቤውን መሀሉ አፈሰሰች፣ በእጇ አጎረሰቻት። ሕፃኑ ወንድ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ፤ ምንተስኖት አሉት። ካሣነሽ እስከዚያ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። በእነዚያ ቀናት ማንም በአጥር ላይ አልጠራትም።

አርብ ገበያ ስትመለስ ቤቷ አቧራ ለብሷል። ያ የሚያምረው ግድግዳ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ እዚህም እዚያም ተላልጧል። ትልቁን ማጥፊያ መለሰች፤ ፈሪውን ቀና አደረገችው። ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች። ቀጭ አላለም።

በነጋታውም አልወደቀ። አበራሽ ስቶቭ ጣደች፣ ፍሪጅዋ አጉረመረመ፣ ዋሴ ቶንዶሱን አስነሳ፤ ጸጥ። «እትዬ ካሣ፣ ፈሪውን ወገዳ ወስደሽ ጀግንነት አስተማርሽው እንዴ?» አላት ዋሴ። ገበያ ወጣች፣ ማኅበር ሄደች፣ የከረመ ለቅሶ ደረሰች።

የትንሣኤ ዋዜማ መጣ። ለፋሲካ የተሰነጠቀ ግድግዳ ይዞ መዋል ለካሣነሽ ነውር ነው። እበቷን አላላች፣ ከአልጋው ራስጌ ጀመረች። መዳፏ ከቆጣሪው ሥር ሲደርስ ውኃው ወደ ስንጥቁ ሰረገ።

ቀጭ!

ካሣነሽ እጇን አየች። ግድግዳውን አየች። እጇ እርጥብ ነው፣ ግድግዳው እርጥብ ነው። ያኔ «ልብስ አለበስኩት» ያለችው ቃል ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጆሮዋ ላይ ጮኸ። ትልቁን ማጥፊያ አወረደችና ጭቃውን በቢላዋ ጀርባ ፈነቀለችው። የበሰበሰ ፌስታል ወጣ፤ ከውስጡ የተጋጠመው ሽቦ፣ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ፣ ውኃ ያንጠባጥባል።

«አበራሽ! ዋሴ! ኑ፣ ፈሪውን የሚጥለውን አገኘሁት!»

መጡ። ዋሴ አጎንብሶ አየና ጉልበቱን መታ። «እረ እትዬ ካሣ! ስንቴ ቶንዶሴን ረግመሽዋል!»

«ረግሜዋለሁ። ይቅር ይበለኝ።»

«የእኔንስ ስቶቭ!» አለች አበራሽ። ሁለቱ እየተያዩ ሳቁ። ካሣነሽ ግን አልሳቀችም።

«ለአንዱ ብዬ፣ ለሌላው ብዬ ነው የቀረሁት እል ነበር» አለች፣ ፌስታሉን በጣቶቿ እንደያዘች። «ልጄ ያን ቀን ስትጠራኝ እኔ ይችን ግድግዳ አሳምር ነበር።»

አበራሽ አጠገቧ ቁጭ አለችና እርጥብ እጇን በመቀነቷ ጠረገችላት።

ተስፋሁን መጥቶ ሽቦውን በውጭ አሳለፈው። ዛሬ የካሣነሽ ቤት ብትገቡ እንደ በግ አንጀት ተጋድሞ ታዩታላችሁ፤ ዓይኗን አሁንም ይወጋታል፤ አትሸፍነውም። የበሯ ትርፍ ቁልፍ የኔታ ደጉ አንገት ላይ፣ ከማዕተባቸው ጋር ታስሯል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገሬ ይኸው ነው። ነገ እናንተንም በአጥር ላይ የሚጠራችሁ አይጠፋም፤ ሂዱ፣ ቅኑ ልባችሁ አይክፋ። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ያችን በሩ ሥር ታስራ የከረመች የገንፎ ቋጠሮ አስታውሱልኝ። በስልክ ውስጥ «እማ፣ መቼ ትመጫለሽ?» የምትለዋን ድምፅ አስታውሱልኝ። አደራ።